ኦኖፍሬ የቀናበት ቤት

ኦኖፍሬ ካርካሞ በሀብታም ቀንቶ አያውቅም። ባሕሩን ቁልቁል የሚያዩት ፎቆች፣ ጥቁር መኪናቸውን በሰው የሚያስነዱት የወደብ ሹሞች፣ የራሳቸው ጀልባ ያላቸው ጌቶች ለእሱ እንደ ዳመና ናቸው፤ መጥተው ያልፋሉ። እሱ የሚቀናው አጠገቡ ባለ ሰው ነው። ከእሱ እኩል በበረደው፣ ከእሱ እኩል በራበው፣ አንድ አግዳሚ ላይ አብሮት በተቀመጠ ሰው። ይህን በወሬ ሰምቼ አይደለም የማወራው። በማዘጋጃ ቤቱ መጠለያ ወጥ ቤት ውስጥ ጭልፋ የምይዘው እኔ ዙኒልዳ ነኝ። ሰው ጠባዩን ከቄስ ሊደብቅ ይችላል፣ ከሚስቱም ሊደብቅ ይችላል፤ ከጭልፋ ፊት ግን የሚደብቅ አላየሁም።

ቦሎቄ በፓስታ በሠራሁ ቀን ኦኖፍሬ ሳህኑን ተቀብሎ አይሄድም። ቆም ብሎ ከኋላው ያለውን ሰው ሳህን ያያል።

«ዶኛ ዙኒልዳ፣ ለእሱ ከሥር ነው የጠለቁለት» ይለኛል። «ለኔ ከላይ፣ ውሃ ውሃውን።»

«ዶን ኦኖፍሬ፣ ድስቱ እኮ አንድ ነው።»

«ድስቱስ አንድ ነው። እጅዎ ነው ሁለት።»

መጀመሪያ ሰሞን እናደድ ነበር። በኋላ የሕይወቱን ታሪክ ቀስ በቀስ፣ ድንች እየላጠልኝ ሲያወራ ሰማሁና ከየት እንደመጣ ገባኝ። መግባቱ ግን ንዴቴን አላበረደውም። አንዳንዱን ሰው ባወቁት ቁጥር ይበልጥ ያናድዳል።

የቺሎዌ ደሴት ልጅ ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ አንዲት ቢጫ ጀልባ ነበረቻቸው። ኦኖፍሬ የበኩር ልጅ ስለሆነ ጀልባዋ ለእሱ እንደምትሆን ገና መዋኘት ሳይችል ጀምሮ ያውቅ ነበር። አባትየው ሲያረጁ ጀልባዋን ለታናሽ ወንድሙ ሰጡት። ምክንያቱም ኦኖፍሬ መረብ ሲጠግን ይነጫነጫል፣ ታናሹ ግን ይዘፍናል። ኦኖፍሬ በነጋታው ሸራ ከረጢቱን አንግቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወደኛ ወደብ መጣ። ወንድሙ ጀልባዋን አብረን እንሥራባት ብሎ ሁለት ጊዜ ልኮበታል። «ከኔ ቀጥሎ ተሳፈር ነው የሚለኝ» ብሎ መልስ አልሰጠም። አሁንም ያንን ሲያወራ ድንቹን ግማሽ ያህል ከልጣጩ ጋር ይጥለዋል።

እዚህ የመርከብ ሆድ ቀቢ ሆነ። በገመድ በተንጠለጠለ ጣውላ ላይ ቁጭ ብሎ ዝገቱን እየፋቀ ቀይ ቀለም የሚቀባ። ጎበዝ ነበር ይላሉ፤ ከእሱ አፍ ብቻ አይደለም የሰማሁት። አገባም። ኤርመሊንዳ የምትባል ልብስ ሰፊ፣ ሳቂታ ሴት። በማን ይቀናባት እንደነበር ብትገምቱ አታገኙትም። በወንድ አልነበረም። በሬዲዮ ነበር። ሬዲዮው ሲቀልድ ትስቃለች፣ እኔ ስቀልድ ግን «ውይ ኦኖፍሬ» ብቻ ነው የምትለው ብሎ አንድ ቀን ሬዲዮኑን ተሸክሞ ለጎረቤት ሰጠው። ኤርመሊንዳ ጎረቤት ቤት እየሄደች መስማት ጀመረች። ያኔ ደግሞ በጎረቤቱ ቀና። መጨረሻ ላይ ሴትየዋ እህቷ ዘንድ ወደ ሰሜን ሄደች፤ የኪራይ ቤቱም እሷ ሰፍታ በምታገኘው ገንዘብ ይከፈል ስለነበር አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው እንደማንኛውም የወደባችን ሰው ታሪክ ነው፦ ጥቂት ወይን፣ ርካሽ ክፍል፣ ሌላ ርካሽ ክፍል፣ ከዚያ የገበያው በረንዳ።

በረንዳው ላይ ነው ቤላርሚኖ ታፒያን ያገኘው። ቤላርሚኖ ባለ አንድ ጎማ የቢላ መሳያውን እየገፋ፣ ትንሽ ዋሽንቱን እየነፋ በየኮረብታው እየዞረ ቢላ የሚስል ሰው ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሳምባው የታመመ ሰው። በተኛበት መሳያውን ሰረቁት። ጠዋት ባዶውን ቦታ እያየ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ኦኖፍሬ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠና፣ «አንተ ተኛ፣ እኔ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እኔ ልተኛ፣ አንተ ትጠብቃለህ» አለው። በእኛ ወደብ መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ጓደኛ የሚለው ይህንን ነው። አብሮ የሚጠጣ ሞልቷል። አንተ ዓይንህን ስትጨፍን እሱ ዓይኑን የሚከፍት ግን አንድ ከተገኘ ተመስገን ነው። ሁለቱም ለዓመታት እንዲህ ኖሩ፤ ብርዱ ሲበረታባቸው አብረው ወደ መጠለያችን ገቡ። ኦኖፍሬ ቤላርሚኖ ላይ አይቀናም ነበር፤ የሚቀናበት ነገር አልነበረውማ።

የመንገድ ሰዎች ሌላም ልማድ አላቸው፣ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልግ። መልካም ነገር እጅ ሳይገባ አይወራም። ከተወራ ጨው ይገባበታል ይላሉ። ሥራ ሊቀጥረኝ ነው ካልክ፣ ቀጣሪው ይሞታል። ልጄ ልትጠይቀኝ ነው ካልክ፣ አውቶቡሱ ይበላሻል። እኔ ስቄባቸው አላውቅም። ስንት ሹም መጥቶ ስንት ነገር ቃል ገብቶላቸው እንደሄደ ስለማውቅ፣ ልማዱ ሞኝነት ሳይሆን ከድካም የመጣ መሰለኝ።

መጠለያችን የድሮ ብስኩት መጋዘን ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ነው የሚደጉመው፤ ብርድ ልብሱም፣ ቦሎቄውም፣ የኔም ደመወዝ ከእሱ ካዝና ነው የሚወጣው። በየዓመቱ መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት ተቀምጦ በጀቱን እስኪያጸድቅ ድረስ እንኖር አንኖር አናውቅም። በዚያ ዓመት ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ከመጠለያው ገንዘብ ተቀንሶ ፔርዲስ ኮረብታ ላይ ጥቂት ቤቶች ተከራዩ። ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ለኖሩ፣ ዕድሜያቸው ለገፋና ለታመሙ ሰዎች። ኪራይ የለም፣ የመብራት ክፍያ የለም፣ ሙቅ ውሃ አለ፣ በየሳምንቱም መድኃኒታቸውን ወስደው እንደሆነ፣ ከጎረቤት ተጣልተው እንደሆነ የምታይላቸው ማሪቤል የምትባል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ትመጣለች። ማሪቤል ጥሩ ልጅ ናት፤ ፈጥና ትናገራለች እንጂ።

ወሬው ሲሰማ መጠለያው ውስጥ እንቅልፍ ጠፋ። ለምን እዋሻለሁ፣ እኔም ቀንቻለሁ። የምኖረው በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ድስቶቼን ከምድጃ አውርጄ መሬት ላይ እደረድራለሁ።

«ማሪቤልዬ» አልኳት፣ «ቤት ለማግኘት መጀመሪያ ቤት ማጣት ነው እንዴ ግዴታው?»

«ዶኛ ዙኒልዳ፣ እርስዎ እኮ ጣራ አለዎት።»

«አለኝ። ጣራውም እኔ አለሁለት፤ ስንቴ ጠገንኩት።»

ኦኖፍሬ ግን አልቀለደም። ያንን ቤት ፈለገው። ሲፈልግ አይቼው በማላውቀው ሁኔታ ፈለገው። ጢሙን በየቀኑ መላጨት ጀመረ። ማሪቤል ስትገባ ከመቀመጫው ይነሳል። «ቁልፍ ኪሴ ከገባ ስንት ዘመኑ» አለኝ አንድ ቀን፣ ድንች እየላጠ። «ቁልፍ ያለው ሰው አረማመዱ ሌላ ነው፣ አይተዋል? ኪሱን ሳይነካ እንኳን ያውቀዋል።»

ለቤላርሚኖ ደረሰው። ሳምባው ነው ያደረሰው፤ ሐኪሙ ሌላ ክረምት በመጋዘን አይችልም ብሎ ጽፎለታል። ኦኖፍሬ ይህን ሲሰማ ያለውን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «እኔም እስላለሁ» ነው ያለው።

ቤላርሚኖ የሄደ ቀን ፀሐይ ነበር። ዕቃውን በአንድ ፌስታል ሰብስቦ፣ ቁልፉን በአረንጓዴ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የኦኖፍሬ አልጋ አጠገብ ቆመ። ኦኖፍሬ የጫማውን ክር ያስራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል።

«እንግዲህ ና እይልኝ ቤቱን» አለው ቤላርሚኖ።

«ምን ይዤ? ባዶ እጄን?»

«ራስህን ይዘህ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«አንተ? ምን ሥራ?»

«የራሴ ሥራ ነዋ። ለባለ ቤት ሁሉ ይነገራል እንዴ?»

ቤላርሚኖ ሳቀ፤ ጓደኛው የሚቀልድ መስሎት ነው። በእኛ አገር ባዶ እጅን ሰው ቤት መግባት ነውር መሆኑን ያውቃል፣ ስለዚህ ይሉኝታ ነው ብሎ አለፈው። እኔ ግን የኦኖፍሬን ዓይን አየሁ። የቆመው ቁልፉ የተንጠለጠለበት ክር ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤላርሚኖ በየሁለት ሦስት ቀኑ በምሳ ሰዓት ይወርድ ጀመር። ጓሮው የሎሚ ዛፍ አለው መሰል፣ ሁሌ ኪሱ ሙሉ ሎሚ ይዞ ይመጣል። አንዳንዴም አቮካዶ። ለኔ ይሰጠኛል፣ ለሁሉም ያድላል፤ ትልቁን ሎሚ ለኦኖፍሬ ያስቀምጥለታል። ኦኖፍሬ ሎሚውን ይቀበላል፣ አይበላውም። አልጋው ሥር ደርድሮት ደረቀ።

አንድ ቀን ጓሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ መስኮቱ ሥር ዕቃ አጥብ ነበር።

«አልጋው እንዴት ነው?» አለው ኦኖፍሬ። ጥያቄው ለሳምንታት ጉሮሮው ውስጥ የቆየ ነው።

«ጥሩ ነው። ወፍራም ፍራሽ አለው። ግን አልተኛበትም።»

«የት ትተኛለህ ታዲያ?»

«መሬት። በሩ ሥር።» ቤላርሚኖ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓይኔ እንቢ አለኝ፣ ኦኖፍሬ። ስጨፍን የሚጠብቅልኝ የለም። ቤቱ ጸጥ ይላል። ጫማዬን አቅፌ በሩ ሥር ስሆን ትንሽ ያሸልበኛል። አንድ ቀን እንኳን ና።»

ይህ ልመና ነበር። ቋንቋው የገባው ሰው ልመና መሆኑን ያውቃል። ኦኖፍሬ የሰማው ግን ጉራ ነው።

«እኛ እዚህ ለሳሳ ፍራሽ እንጣላለን» አለው፤ «አንተ ወፍራሙን ንቀህ መሬት ትተኛለህ። ካልጠገቡ አይዘሉ።»

«ኧረ ንቄ አይደለም።»

«እንግዳ ሆኜ ልመጣ? ሻይ ልትቀዳልኝ? በቃ ተወኝ፣ ቤላርሚኖ።»

ቤላርሚኖ ሳህኑን ሊመልስልኝ ሲመጣ፣ «ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የሚሆንብህ?» አልኩት። ትንሽ ፈገግ አለና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «አንድ ነገር አለ፣ ዶኛ። እጄ ሲገባ እነግርዎታለሁ።» ጡረታ የሚወጣለት መሰለኝ። ከልቤ ደስ አላለኝም፤ አንድ ሰው ቤትም ጡረታም ሲያገኝ ለሌላው ምን ይቀራል ብዬ ነው።

የዓመቱ መጨረሻ ደረሰ። ዘንድሮ ምክር ቤቱ የሚከራከረው በአንድ ጥያቄ ነው ተባለ፦ ገንዘቡ ለመጠለያው ይመለስ ወይስ ለኮረብታው ቤቶች ይጨመር? ነዋሪዎችም መጥተው እንዲናገሩ ተፈቀደ። መጠለያው ውስጥ ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። የነሱ ሙቅ ውሃ የኛ ሾርባ ነው ተባለ። መጀመሪያ የምትቀነሰው ወጥ ቤቷ ናት ተባለ፤ ማለትም እኔ። እኔም ጭልፋዬን ይዤ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። «ከኛ ወገን የሚናገር ያስፈልጋል» ብዬ በምሳ ሰዓት ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ኦኖፍሬ እጁን አወጣ።

በዕለቱ የመጠለያውን ዘበኛ ኮት ተውሶ ለበሰ። ክንዱ ላይ ያጥረዋል፣ ግን አማረበት። የምክር ቤቱ አዳራሽ ሁለት ረድፍ አግዳሚ አለው፤ እኛ በግራ ተቀመጥን፣ የኮረብታው ሰዎች ከማሪቤል ጋር በቀኝ። ቤላርሚኖ ኦኖፍሬን ሲያይ ፊቱ በራ። መተላለፊያውን አቋርጦ እኔ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለና፣ «ሊናገርልን ነው አይደል?» አለኝ። «ሊናገር ነው» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሊናገር ነበር።

ስብሰባውን የምትመራው መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ስሙ ተጠራ። ኦኖፍሬ ተነሳ፣ ኮቱን ሳበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ መንገድ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ» ብሎ ጀመረ። «ስለ መንገድ ሰው መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ይናገራል፣ እኔ ግን ኖሬዋለሁ። የመንገድ ሰው የሚፈልገው ትኩስ ሾርባ፣ ደረቅ ብርድ ልብስ፣ ከጎኑ የሚያስል ሰው ነው። ቤት አይደለም። ቤት ትሰጡታላችሁ፣ አይኖርበትም። ይኸው አንዱ እዚያ ተቀምጧል። ወፍራም ፍራሽ ሰጣችሁት። ታዲያ የት ነው የሚተኛው? ጠይቁት እስቲ። መሬት ላይ ነው። በሩ ሥር፣ ጫማውን አቅፎ። በከተማው ገንዘብ ፍራሽ ገዝታችሁ ለአቧራ ነው ያነጠፋችሁት።»

ከኛ ወገን ሳቅ ተሰማ። ኦኖፍሬ ሳቁ ሞቀው።

«እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዛሬ ቁልፍ ብትሰጡኝ አልቀበልም። መጠለያው ይበቃኛል። ይኼንን ጻፉልኝ።»

የኛ ሰዎች አጨበጨቡ። እኔም እጄን አነሳሁ፣ ግን ቤላርሚኖን አየሁትና መለስኩት። ራሱን አቀርቅሮ አንገቱ ላይ ያለውን ክር በሁለት ጣቱ ይዞታል። የተናደደ አይመስልም። ምስጢሩን ሰው ፊት ያፈሰሱበት ሰው ነበር የሚመስለው።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወረደች። «እውነት ነው?» አለች ማሪቤልን። «አልጋውን አይጠቀሙበትም?»

ማሪቤል ተነሳች። «እውነት ነው። ዶን ቤላርሚኖ ብቻቸውን መተኛት አልቻሉም። ግን ቤቱ ለሁለት ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ሁለት አልጋ አለው። ሌላ ሰው ልናስገባላቸው ስንል ሁለቴ እምቢ አሉን። የምጠብቀው ሰው አለ፣ አልጋውን ያዙልኝ ብለው በየሳምንቱ ቢሮዬ ይመጡ ነበር። የሰውየው ጉዳይ የተጠናቀቀው ትናንት ነው። ከዚህ ስብሰባ በኋላ ልንነግራቸው ነበር።»

«ማን ናቸው?»

ማሪቤል ወደኛ ረድፍ ዞራ ኦኖፍሬን አየችው። እሱ ገና አልተቀመጠም ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ማን እንደሳለ እንኳን ይለይ ነበር። ሰብሳቢዋ ሴት ክፉ አልነበረችም፤ ድምፅዋን አለስልሳ ተናገረች። «ዶን ኦኖፍሬ፣ ማንንም ያለ ፈቃዱ ቤት አናስገባም፤ ያሉትንም ሰምተናል። ግን ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ። ማንም አይታዘብዎትም።»

«ኦኖፍሬ» አለ ቤላርሚኖ ከወዲያ። ስሙን ብቻ።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ። ጢሙን በየቀኑ የተላጨለት ነገር፣ ሌሊት እየተገላበጠ የተመኘው ነገር ፊቱ ቀረበ። እሺ የምትል አንድ ቃል ነበረች የቀረችው። ኦኖፍሬ ግን ጥያቄ ጠየቀ።

«ቤቱ በማን ስም ነው?»

«የማዘጋጃ ቤቱ ኪራይ ነው» አለች ማሪቤል ቶሎ ብላ። «ነዋሪነቱ ግን መጀመሪያ የገቡት ዶን ቤላርሚኖ ስለሆኑ በእሳቸው ስም ተመዝግቧል። የእርስዎ ቀጥሎ ይገባል።»

«ቀጥሎ» አለ ኦኖፍሬ።

ፈጥና ትናገራለች ብያችሁ ነበር። ኦኖፍሬ የተውሶ ኮቱን እጅጌ ወደታች ጎተተው። ፊቱ ግራጫ ሆነ፤ አባቱ የጀልባዋን ገመድ ለታናሹ ሲያቀብሉ የነበረው ፊት ይህ ይሆናል አልኩ በልቤ። «የተናገርኩት ያው ነው» አለ። «አልፈልግም።» ከዚያ ተቀመጠ። በዚያች ደቂቃ ጭልፋዬ በእጄ ቢሆን ኖሮ አናቱን ብዬው ነበር።

ስብሰባው ሲያልቅ ደረጃው ላይ ተገናኙ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ኦኖፍሬ ነው መጀመሪያ የተናገረው፣ እሱ እንደተበደለ ሆኖ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳይያዝ ይነገራል እንዴ?» አለ ቤላርሚኖ። «ጨው እንዳይገባበት ብዬ። አንተም ብትሆን አትነግረኝም ነበር።»

«ለኔ እኮ ነው! ለኔም አትነግረኝም?»

«ላንተ ስለሆነ ነዋ። የራሴ ቢሆን ቢበላሽ ግድ አልነበረኝም።» ትንፋሽ አጠረውና የደረጃውን ብረት ያዘ። «ና ስልህ ብትመጣ ኖሮ ታየው ነበር። አንጥፌዋለሁ። አንሶላ ሁሉ አለው።»

ቤላርሚኖ ትንሽ ጠበቀው፤ ከዚያ ደረጃውን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ኮረብታው ወጣ። እኔ በመካከላቸው ቆሜ፣ ያንን ሽማግሌ ተከትለህ ውጣ፣ አሁንም አልመሸም ልለው አፌን ከፈትኩ። «ዶኛ፣ ኮቱን መመለስ አለብኝ» ብሎ ወደ ታች ሄደ።

ምክር ቤቱ ሁለቱንም ከጠየቁት ቀንሶ አጸደቀ። መጠለያው ተረፈ፣ እኔም ተረፍኩ። ቤቶቹም ተረፉ፤ ግን በወሩ መጨረሻ ያልተያዘ አልጋ ካለ ገንዘቡ ይመለሳል ተባለ። ስለዚህ ኡባልዶን ወሰዱት። ኡባልዶ ከመጣ ገና ክረምት ያልሞላው፣ ሆዳም፣ ሳቂታ መርከበኛ ነው። ማሪቤል ጠይቃው ሳትጨርስ ፌስታሉን አንስቶ ነበር። ቤላርሚኖ በዚህኛው ጊዜ እምቢ አላለም። ማንን ይጠብቃል ከእንግዲህ?

ቤላርሚኖ ሎሚ ይዞ መውረዱን ተወ። ኦኖፍሬ ስለ እሱ አይጠይቅም፤ ስሙ ሲነሳ ይነሳና ይወጣል። አጠገቡ ባለው አልጋ ላይ አንድ ወጣት ተኛበት፣ እሱንም በብርድ ልብሱ ቀናበት። ድንች መላጡን ግን አልተወም።

ባለፈው እሑድ ቤላርሚኖ ለማታ ሻይ ጠርቶኝ ዳቦ ይዤ ኮረብታውን ወጣሁ። ስመለስ ኦኖፍሬ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ማንም ሳያዘው፣ የነገውን ድንች ከፊቱ ቆልሎ ይልጥ ነበር። ቀና አላለም።

«ዳገቱ አደከመዎት» አለኝ።

«አደከመኝ።»

ሁለት ድንች ላጠ። «ያስለዋል?»

«ቀለል ብሎታል።»

«መሬት ላይ ነው የሚተኛው አሁንም?»

«የለም፣ ዶን ኦኖፍሬ። አልጋው ላይ ነው የሚተኛው። ኡባልዶ ያንኮራፋል፤ እሱም ማንኮራፋቱን እየሰማ እንቅልፍ ይወስደዋል።»

ቢላዋው ቆመ። ሰውየው ደስ ብሎት እንደሆነ ወይም ሆዱ ተቃጥሎ እንደሆነ ልለይ ብዬ አየሁት፤ ሁለቱም አንድ ላይ ፊቱ ላይ ነበሩ።

«ኡባልዶ መጠበቅ አያውቅም» አለ። «ግንድ ነው። ቤቱን ተሸክመው ቢወስዱት አይነቃም።»

«በር አላቸው እኮ። ቁልፍ አለው። ጠባቂ ምን ያደርጋል?»

ይህንን ባልናገር ይሻል ነበር መሰለኝ። አንድ ድንች አንስቶ በእጁ አገላበጠ። ከዚያ፣ «አልጋዎቹ እንዴት ናቸው የተቀመጡት?» አለኝ፣ ድንቹን እያየ።

«አንደኛው መስኮቱ ሥር ነው፣ ባሕሩ ይታየዋል። ሌላኛው በግድግዳው በኩል።»

«ቤላርሚኖ የትኛው ላይ ነው?»

«በግድግዳው በኩል ያለው ላይ። መስኮቱን ከመጀመሪያም ለሌላው ትቶት ነበር አሉ፤ ባሕር የሚወድ ሰው ነው የሚመጣው ብሎ።»

«እና መስኮቱ ሥር የሚተኛው ኡባልዶ ነው።»

«ኡባልዶ ነው።»

ኦኖፍሬ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«የኔ አልጋ ላይ» አለ።